ፋሸታው ከጠበቀ በኋላ

ሥራ ካለቀ በኋላ ምክር ይዞ ከተፍ የሚል ሰው የት ተሸሽጎ እንደሚቆይ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሰሞኑን በአሮጌዋ መኪናዬ ሞተር ላይ የዘይት ትነት ማጠራቀሚያ ጣሳ ስገጥም፣ ኮፈኑን ከፍቼ ወገቤ እስኪዝል ሳጎነብስ፣ አጠገቤ ዝር ያለ አልነበረም። ቱቦውን የሚያስረውን የመጨረሻ ፋሸታ አጥብቄ እጄን መጥረግ ስጀምር ግን አንድ ወዳጄ እጆቹን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ብቅ አለና፣ «ወንድሜ፣ በዚያኛው በኩል ብታስረው አይሻልም ነበር?» አለኝ። በዚያኛው በኩል የጭስ ማውጫው ቱቦ አለ። ትነቱ ቀዝቅዞ ወደ ጠብታ እንዲለወጥ የሚገጠም ጣሳ እሳት አጠገብ ይታሰር ማለቱ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት፣ የፒስተን ፋሻ የሚባለው፣ አዲስ ሆኖም ጨርሶ አይዘጋም፤ ሲያረጅማ አይነሳ። ከቃጠሎው ያመለጠው ጋዝ ወደ ታች ይወርድና የዘይት ጉም ተሸክሞ መውጫ ይፈልጋል። በድሮ መኪኖች አንዲት ቱቦ ይህንን ተቀብላ ከመኪናው ሥር ወደ መንገድ ትለቀው ነበር። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1961 ጋዙ ወደ ሞተሩ ተመልሶ እንዲቃጠል ደነገገችና ልማዱ እየቀረ ሄደ። አየሩ ተጠቀመ፤ ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡሬተር ግን ዘይት መተንፈስ ጀመረ። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቫልቩ ላይ ካርቦን ይጋገራል፣ ከጭስ ማውጫው ማርሚታ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ጣሳው የሚገጠመው ይህን ዘይት መንገድ ላይ ለማስቀረት ነው።

ጭስ ካነሳሁ አይቀር፣ «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» የሚለውን ተረት ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። የተናገረው ሰው ማርሚታ አይቶ አያውቅም፤ ቢሆንም ከብዙ መካኒክ የተሻለ ገልጾታል። ባለመኪናው ፊት ለፊት እያየ ተዝናንቶ ይነዳል፤ ጉዱን የሚያየው ከኋላ የሚከተለው ነው። ደግሞስ የመኪና ብቻ ነው? እንግዳ ይመጣል። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ አንድ በአንድ ይጠይቃል። ልሂድ ብሎ ይነሳል፣ ይሰናበታል። በሩን ከያዘ በኋላ ነው «ለነገሩ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነበር» የሚለው። የመጣበት ጉዳይ ያ ነው! መጀመሪያ ቢናገር ሁላችንም እፎይ ባልን ነበር።

ይኸው ወዳጄ ከዓመታት በፊት ካቻቢቴዬን የወሰደው እንዲሁ በር ላይ ቆሞ ነው። እስከ ዛሬ አልመለሰውም። ይባስ ብሎ ዕቃ በየቦታው መቀመጥ እንዳለበት ይመክረኛል። ብረቱ እኮ ረጅም፣ እጀታው ከእንጨት የሆነ፣ ዛሬ ተፈልጎ የማይገኝ ካቻቢቴ ነበር።

የዕለቱ ምክሩ በዚህ አላበቃም። «ይህን ሁሉ ከምትደክም የጋዙን መውጫ ቀዳዳ ድፍን ብታደርገው ምን ነበር?» አለ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የሞተሩ መተንፈሻ ከተደፈነ ጋዙ መውጫ ስለሚያጣ በብረቶቹ መገጣጠሚያ መሐል የሚገባውን ጓርኒሲዮንና የዘይት መከላከያ ጎማዎቹን ገፍቶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሞተር አውርዶ መከላከያ መቀየር ነው። እንዲህ ብሎ የሚመክር ሰው ደግሞ ሞተር ሲወርድ አይገኝም፤ ሲሰቀል ይመጣል።

ለነገሩ ባለጣሳዎቹም ቢሆኑ የሚያናድዱ አሉ። ጣሳው እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ውስጡ ግን ባዶ! ጉሙ የሚጋጭበት መከለያ ወይም የሽቦ ወንፊት ከሌለው ዘይቱ በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ የተሠራው ለፎቶግራፍ ነው። ቱቦውንም ከራዲያተር ውኃ ማስተላለፊያ ቆርጠው ያስገባሉ። ያ ጎማ ዘይት አይችልም፤ አብጦ ይልፈሰፈሳል። የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን እንኳ መተንፈሻቸው ክፍት ለሆነ የውድድር መኪኖች እስከ 2000 ሲሲ ባለ 2 ሊትር፣ ከዚያ በላይ ባለ 3 ሊትር ማጠራቀሚያ ይጠይቃል፤ የተጠራቀመውም ከውጭ መታየት አለበት። ስለ ማብራቱ ያለው ነገር የለም።

ስለ አማካሪዎች ልጽፍ ነበር የተነሳሁት። ወዳጄ ጣሳው ሲከፈትም አልቀረም። ከሥሩ የወጣውን ነጣ ያለ ዝቃጭ አይቶ፣ «ዘይት አይደል፣ ለምን ይባክናል? መልሰህ ጨምረው» አለ። ውኃና ነዳጅ የተቀላቀለበት ዝቃጭ ወደ ሞተር አይመለስም፤ በዕቃ ተጠራቅሞ ከአሮጌ ዘይት ጋር ይወገዳል። ይህን የሚመክር ሰው ከሥራ በፊትም ሆነ በኋላ እስካሁን አልመጣልኝም።