የጅማ የመንገድ ሐኪሞች ይመስገኑ

ጅማ ውስጥ የቆዳ ሐኪም አጣሁ የሚል ሰው ካለ አጭር እጅጌ ለብሶ አያውቅም ማለት ነው። ይልበስና ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ በእግሩ ይሂድ። መርካቶ ሳይደርስ ተመርምሮ፣ በሽታው ተነግሮት፣ መድኃኒቱ ታዝዞለት ያልቃል። ካርድ የለ፣ ወረፋ የለ፣ ክፍያ የለ። ዩኒቨርሲቲያችን አንድ ሐኪም ለማስመረቅ ስንት ዓመት ይለፋል! የሰፈራችን እናቶች ግን አቦል ላይ ምርመራ ጀምረው በረካ ሳይደርስ ውጤት ይናገራሉ።

ይህን የምመሰክረው ታካሚ ሆኜ ነው። ክርኔና ጉልበቴ ላይ ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ በሽታ አለብኝ። ጤነኛ ቆዳ ራሱን ለማደስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። የእኔ ቸኩሎ በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል፤ የሰውነቴ መከላከያ ያለ ጠላት ስለሚነሳ ነው። አሮጌው ሳይረግፍ አዲሱ ይደረብበትና ቅርፊት ይሠራል። አይተላለፍም። ይህን ግን ባጃጅ ውስጥ ለማስረዳት ደክሜ አላውቅም። ሦስት ሰው ታጭቆ በሚሄድበት ወንበር፣ እኔ ስገባ ሁለቱ ተጣብቀው ሰፊ ቦታ ይለቁልኛል። የጅማ ሰው እንግዳ ያከብራል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ ተወልጄ ባደግሁበት ከተማ ይህ ክብር አልቀረብኝም።

የምርመራ ዘዴያቸውም ያስደንቃል። ቆዳን አይተው ልብን ያነባሉ። ብጉር የወጣባት ልጅ ፍቅር ይዟታል። ፀጉሩ በክብ በክብ የረገፈ ሰው ዕዳ አለበት። ማዲያት የወጣባትን ደግሞ ባሏ ያናድዳታል። ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ብትሆን፣ ማዲያት በእርግዝና ጊዜ እንደሚወጣ ብታውቅም እንኳ፣ መጀመሪያ ከባሏ ጋር መታረቅ ይጠበቅባታል።

የእኔ ግን በአንድ ድምፅ ጸድቋል፦ ብስጭት።

እዚህ ላይ እጅ እነሳለሁ፤ ነገሩ እውነትነት አለውና። ሰው ሲጨነቅ የጭንቀት ሆርሞን ደሙ ውስጥ ይገባል። ቆዳ ውስጥ ያሉ የነርቭ ጫፎችም የቆዳውን መቆጣት የሚያባብሱ ንጥረ ነገሮች ይለቃሉ። ችፌ ያለበት ማሳከኩ ይብስበታል፣ ሶሪያሲስ ያለበት ይፋፋምበታል። ሲያሳክከው ያካል፣ ሲያክ ይቆስላል። ሃይንሪክ ኮብነር የተባለ ጀርመናዊ የቆዳ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስተዋለው ደግሞ ሶሪያሲስ በተጫረ ቆዳ ላይ እንደ አዲስ ይወጣል። ብስጭት በሽታውን ከባዶ አያመጣውም፣ በዘርም የሚወረስ ነገር አለው። የተኛውን ግን ይቀሰቅሰዋል።

የእኛ ሰዎች ይህን ያውቃሉ። አውቀውም ብስጭቱ እንዳይቋረጥብኝ ይተጋሉ።

ባለፈው ሰርግ ላይ ሳህኔን ይዤ ተሰልፌ ሳለሁ የሙሽራው አክስት ክንዴን ያዙና ወደ ብርሃን አዞሩት።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር እስካሁን አልለቀቀህም?»

«ደህና ነኝ እትዬ።»

«ትበሳጫለህ ማለት ነው።»

«ኧረ አልበሳጭም።»

«ይኸው! ተበሳጨህ!»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ክርኔን ለማየት አንገቱን አሰገገ። ጭልፋውን ሳልነካው ቀድሞ የጨለፈልኝ ደግ ሰውም አልጠፋም።

መድኃኒታቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ ይቀየሙኛል። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ አንዱ ነው። ሎሚና ፀሐይ ሲገናኙ ቆዳ ያቃጥላሉ፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋሉ። (የጅማ ዝናብ ስንቱን እንዳተረፈ እሱ ነው የሚያውቀው።) ከሁሉ የሚፈጥነው ግን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ክሬም ነው። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት፣ ስቴሮይድ ነው። ሐኪም ለክርንና ለጉልበት በመጠን፣ ለተወሰነ ጊዜ ያዘዋል። የሰፈር ሐኪም ለፊትም፣ ለሕፃንም፣ ለመቅላትም ያዘዋል። ፊት በአጭር ጊዜ ያበራል። ሲሰነብት ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይታያል፣ ሲያቆሙት እሳት ይለብሳል። ይህ የአዛዡ ጥፋት እንዳይመስላችሁ። ታካሚዋ ትበሳጫለች።

እኔ ውለታ ቢስ ሆኜ በቀደም የተማረ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ቅባት ጻፈልኝ። ቆዳው እንዳይደርቅ በቫዝሊን አለስልሰው አለኝ። ከዚያ «የሚያስጨንቅህ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከአጂፕ ሰፈር እስከ ኮቺ ሰፈር ያሉትን የመንገድ ሐኪሞች አንድ በአንድ ስዘረዝርለት እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ስወጣ በር ላይ የነበረው ጥበቃ ክርኔን አየና ጠጋ አለኝ።

«ወንድሜ፣ እነሱን አትስማቸው። ይሄ የሚፈልገው ሬት ነው። ደግሞ አትበሳጭ።»