ከቦንዳው በፊት የየቤታችን ሳጥን ይፈታ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በባሕር ዳር ገበያ የሰልባጅ ሻጮች ቦንዳ ሲፈቱ ቆሞ ያየ ሰው፣ ልብስ መምረጥ ምን ያህል ሙያ እንደሚጠይቅ ይገነዘባል። ማሰሪያው ተቆርጦ ታምቆ የቆየው ጨርቅ በሸራው ላይ ሲዘረገፍ ለአዲስ ገዢ ዐይን አዋጅ ይሆንበታል። ልምድ ያላቸው ግን ከቀለሙ በፊት ኮሌታውን፣ ከኮሌታው በፊት ብብቱን ያያሉ፤ ዚፑን ከፍተው ይዘጋሉ፤ ስፌቱን በሁለት አውራ ጣት ሳብ አድርገው ይፈትሻሉ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ለእህቴ ልጅ የሚሆን ኮት ልንፈልግ በሄድንበት ቀን አንድ ወጣት ሻጭ ያነሳሁትን የሱፍ ኮት ከእጄ ተቀብሎ፣ «እናቴ፣ መጀመሪያ ለፀሐይ ይያዙት፤ ብል የበላው ከሆነ ብርሃኑ ያሳብቅበታል» አለኝ። ኮቱን ወደ ላይ ዘርግቶ ሲያሳየን ከጀርባው ላይ የመርፌ ዐይን የሚያህሉ ሁለት ቀዳዳዎች ፍንትው ብለው ታዩ። ጉድለቱን በገዛ እጁ ስላሳየን ብዙ ሳንከራከር ገዛነው።

ከዚያ በቀጥታ የሄድነው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ወደሚሠራ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰውዬው ገበሩን ከጫፉ ፈታ አድርጎ፣ ከውስጠኛው እጥፋት የዚያኑ ሱፍ ክር መዘዘና ሁለቱን ቀዳዳዎች በእጅ መርፌ ደፈናቸው። እጅጌውን ካሳጠረው በኋላ የቀዳዳዎቹን ቦታ በጣቴ ዳስሼ ልለየው አልቻልኩም። ይህን የመሰለ እጅ ያላቸው ልብስ ሰፊዎች በከተማችን በየሰፈሩ አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣላቸው ሥራ ግን ሱሪ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ብቻ ነው።

የእህቴ ልጅ ኮቱን ለብሳ ትምህርት ቤት በሄደች ጊዜ ለጓደኞቿ የተናገረችው ግን «ከውጭ የተላከልኝ ነው» ብላ ነው። አልቆጣኋትም፤ እኛ ትልልቆቹም ይህንኑ ስንል ኖረናል። ሆኖም ይህ ኀፍረት ከየት እንደመጣብን ሊገባኝ አይችልም። የታላቅን ልብስ ታናሽ ሲወርስ ያደግን ሰዎች ነን፤ ያረጀ ነጠላ ለሕፃን መታቀፊያ ሲሆን፣ የአባት ኮት ተገልብጦ ለልጅ ሲሰፋ አይተናል። በእኛ ዘንድ ያረጀን ልብስ ጠግኖ መልበስ የባለሙያነት ምልክት እንጂ ነውር አልነበረም።

በሌላ በኩል የሰልባጁ ገበያ ሊሸሸግ የማይገባው ችግር አለበት። ልባሽ ጨርቅን ለንግድ ከውጭ ማስገባት በአገራችን የተከለከለ ነው፤ የጉምሩክ ኮሚሽን ስለ ኮንትሮባንድ በሚያወጣቸው መግለጫዎችም አልባሳት በተደጋጋሚ ይጠቀሳሉ። ቦንዳው በአብዛኛው ከምሥራቁ ድንበር ተነሥቶ ጣና ዳር እስኪደርስ ድረስ የሚያልፍበት ረጅም መንገድ ሁሉ በዋጋው ላይ ይደመራል። ትንሹ ነጋዴ ደግሞ ውስጡን ሳያይ፣ እንደታሸገ በዱቤ ይገዛዋል፤ ቢያዝበትም፣ ሲፈታው ቡትቶ ቢወጣበትም ኪሳራው የእርሱ ነው። የክልከላው ምክንያት ለባሕር ዳር ሰው እንግዳ አይደለም። ይህች ከተማ ከተማ ሆና ስታድግ አብሯት ያደገው በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ከዚያ ወጥቷል። የአገር ውስጥ ፋብሪካና ሸማኔ በርካሽ ቦንዳ እንዳይጎዳ መጠበቅን እደግፋለሁ።

ነገር ግን ክልከላው ብቻውን ገበያውን አላደረቀውም፤ ሊያደርቀውም አይችልም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አዲስ ልብስ በየሱቁ ሲወደድ፣ ቀድሞ ሰልባጅ ተራ ረግጠው የማያውቁ የመንግሥት ሠራተኞች ዛሬ ጎንበስ ብለው ሲመርጡ አያለሁ። ይህን ፍላጎት በሕጋዊ መንገድ የሚያሟላ ነገር ካልቀረበ ኮንትሮባንዱ ይቀጥላል።

እኔ የምለው ልባሽ ልብስ እዚሁ በየቤታችን ሞልቶልናል ነው። የተከለከለው ከውጭ ማስገባቱ ነው፤ ባሕር ዳር ውስጥ ተገዝቶ፣ ተለብሶ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ልብስ ግን አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ያለቀ የአገር ሀብት ነው። ሠርግን ብቻ ብንወስድ፣ ሚዜዎች በአንድ ቀለም የሚያሰፉት ቀሚስ ከዚያች ቀን በኋላ ስንት ጊዜ ይለበሳል? ለምላሹ፣ ለቅልቅሉ ተብሎ የሚሰፋው ጥልፍ ቀሚስስ? ወንዶቹም ለአንድ ሠርግ የገዙት ሙሉ ልብስ እስኪጠባቸው ድረስ ተሰቅሎ ይቀራል። ዛሬ እነዚህ ልብሶች የሚወጡበት በር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ልዋጭ ነው። «ልዋጭ!» እያለ በየበራችን የሚያልፈው ወጣት ሙሉ ልብሱን ወስዶ የላስቲክ ሳህን ሰጥቶን ይሄዳል። እርሱን አልወቅሰውም፤ ፀሐይና ዝናብ ሳይል በእግሩ ዞሮ የሚያድር ሠራተኛ ነው። የሚያሳዝነው ግን ያ ልብስ ሳይታጠብ፣ ሳይጠገን፣ ዋጋውን የሚያውቅለት ሰው ሳያገኝ ከእጃችን መውጣቱ ነው።

ይህን ልብስ አጥቦና ጠግኖ እዚሁ ለመሸጥ ከባሕር ዳር የተሻለ ከተማ አላውቅም። በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ የተሠራው ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ የጨርቃጨርቅ ሙያ እዚህ ሲሰጥ ኖሯል፤ ዛሬም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ራሱን የቻለ የጨርቃጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት አለ። ጥጡን ከፖሊስተር፣ ሱፉን ከአክሪሊክ በእጅ ዳስሶና ክሩን አቃጥሎ በጠረኑ የሚለይ ተማሪ፣ ቦንዳ መምረጥ የሚያውቅ ነጋዴና ክር መዝዞ የሚደፍን ልብስ ሰፊ በአንድ ጣሪያ ሥር ቢገናኙ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ከተማ አስተዳደሩ በሳምንት አንድ ቀን የሚከፈት፣ የቆርቆሮ ጥላና ውሃ ያለው ስፍራ ይስጥ። ባለቤቱ ልብሱን አምጥቶ ያስመዝግብ፤ እንደ ጨርቁ ዓይነት ታጥቦ፣ በካውያ ተተኩሶ፣ የተጠገነው ቦታ ለገዢው ታይቶ ይሸጥ፤ ነጋዴውም ግብሩን ከፍሎ ደረሰኝ ይቁረጥ። የውስጥ ልብስ ጨርሶ አይግባ።

የማይሸጠው ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው መመለስ አለበት። በጋና ዋና ከተማ በአክራ የሚገኘው የካንታማንቶ ገበያ በዓለም ከታወቁት የልባሽ ልብስ ገበያዎች አንዱ ነው፤ የሚደነቁ ጠጋኞችና ሰፊዎችም አሉት። ሆኖም ከቦንዳው የተረፈው ጨርቅ በጎርፍ እየተወሰደ በከተማይቱ የባሕር ዳርቻ ላይ ተጠላልፎ ይታያል። እኛ ደግሞ ደጃችን ላይ ያለው እምቦጭ ያስጨነቀው ጣና ነው። ፖሊስተር እንደ ጥጥ አይበሰብስም፤ ሐይቁ ዳር የተጣለ ካናቴራ እየተሰባበረ ወደ ውሃው ይገባል። ስለዚህ የማይጠገነው ጥጥ ለጋራዦች መወልወያ፣ ሌላው ለትራስና ለፍራሽ መሙያ ተቆርጦ እንዲወጣ ስፍራው ሲታሰብ አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ባለፈው ሳምንት እኔም ሳጥኔን ከፍቼ ነበር። ሦስት ቀሚስና ባለቤቴ ለወንድሙ ሠርግ ያሰፋው ግራጫ ሙሉ ልብስ ወጡ። ያንን ኮት የጠገነልን ልብስ ሰፊ ሙሉ ልብሱን አገላብጦ አይቶ፣ «ጨርቁ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ለቁመተ አጭር ልጅ አስተካክለዋለሁ» አለኝ። ለማን እንደምሸጠው ብጠይቀው ግን እርሱም ቦታ ሊጠቁመኝ አልቻለም። ልብሱ እስካሁን በሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ ጠዋት ጠዋትም የልዋጩ ድምፅ ከመንገድ ይሰማል።