ያ የመቶ ዶላር ፖስታ ቆሻሻ አይደለም

ሲያትል ውስጥ የከተማ ምርጫ ባለበት ዓመት፣ ፌብሩዋሪ ላይ ከከተማው አስተዳደር አንድ ፖስታ ይመጣል። ውስጡ አራት ቫውቸር አለ። እያንዳንዱ 25 ዶላር፣ በድምሩ 100 ዶላር። ኪስ የሚገባ ገንዘብ ግን አይደለም። ለከንቲባነት ወይም ለምክር ቤት ለሚወዳደር ሰው ፈርመው የሚሰጡት ነው። ብዙ ቤት ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር አብሮ ይጣላል።

ነገሩን ያመጣው ሕዝቡ ነው። በ2015 በድምፁ አጸደቀው፣ በ2017 ሥራ ጀመረ። ወጪው ከንብረት ግብር በዓመት 3 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በኦገስት 2025 ደግሞ ለሌላ 10 ዓመት ታደሰ፣ አሁን በዓመት 4.5 ሚሊዮን። ተከራይ ነኝ፣ አይመለከተኝም የምትሉ፣ ግብሩ ኪራያችሁ ውስጥ አለ።

ለምን በዚህ መንገድ? ሀብታም ለምርጫ ገንዘብ እንዳያፈስ በሕግ ማቆም ስላልተቻለ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ለምርጫ ገንዘብ ማውጣትን ከመናገር ነፃነት ጋር አያያዘው። በ2010 ደግሞ ኩባንያዎች ከተወዳዳሪው ተነጥለው እስከሠሩ ድረስ የፈለጉትን ያህል ያውጡ አለ። ስለዚህ ከተሞች ሌላውን ሰው ማጠናከር ያዙ። ኒው ዮርክ ለትንንሽ መዋጮ ከካዝናዋ 8 እጥፍ ትጨምራለች፣ ዋሽንግተን ዲሲ 5 እጥፍ። ጥሩ ነው። እኔ ግን የሲያትሉን እመርጣለሁ። በእነዚያ ከተሞች መጀመሪያ ከራስ ኪስ ማውጣት ያስፈልጋል። ሁለት ሥራ እየሠራ አገር ቤት ብር የሚልክ ሰው፣ 50 ዶላር ለፖለቲከኛ? አይታሰብም።

ለእኛ ሰው ሌላም ነገር አለው። ቫውቸሩን ለመጠቀም ዜጋ መሆን አይጠይቅም። 18 ዓመት የሞላው፣ ሲያትል የሚኖርና ግሪን ካርድ ያለው ሰው ይችላል። ድምፅ መስጠት የማይችል ሰው ተወዳዳሪውን በሩ ድረስ የሚያስመጣ ነገር እጁ ላይ አለ ማለት ነው። ችግሩ፣ ለተመዘገበ መራጭ ፖስታው በራሱ ሲመጣ ባለ ግሪን ካርዱ መጀመሪያ ማመልከት አለበት። ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ነው ተጨማሪ ፎርም የሚሞላው። ይሄ መስተካከል አለበት።

ከፎርሙ የሚከብደው ግን የስም ጉዳይ ነው። ማን ለማን ቫውቸር እንደሰጠ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ስምን በፖለቲካ ወረቀት ላይ ማስፈር ምን መዘዝ እንደሚያመጣ በዓይኑ ያየ ትውልድ ነው የኛ። ግልጽነቱን እደግፋለሁ፤ የሕዝብ ገንዘብ የት እንደገባ መታየት አለበት። ፍርሃቱ ግን በበራሪ ወረቀት አይለቅም። ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ፣ የሚያምኑት ሰው ይፈልጋል። ለለቅሶ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ግንባታ በአንድ ቅዳሜ ስንት ሺህ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉን። ይህን ሥራ ከከተማው በተሻለ ያውቁበታል።

ቫውቸሩ ትልቁን ገንዘብ አላስቀረም። በ2019 አማዞን በምክር ቤቱ ምርጫ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰ። የተደገፉት አብዛኞቹ ተሸነፉ፤ ምስጋናውን ሁሉ ለቫውቸሩ ግን አልሰጥም፣ የገንዘቡ ብዛት ራሱ ሰዉን አስቆጥቶ ነበር። በ2025 ደግሞ ኬቲ ዊልሰን በቫውቸር ዘመቻ አካሂደው በሥልጣን ላይ የነበሩትን ከንቲባ ብሩስ ሀረልን ለጥቂት አሸነፉ።

ተጠቃሚው ግን አሁንም ጥቂት ነው። እስከ 2023 በነበሩት ምርጫዎች ከ100 ነዋሪ 10 እንኳ አልተጠቀመበትም። ለእኛ ይሄ ክፍት በር ነው። 50 ሰው አራቱንም ቫውቸር ለአንድ ተወዳዳሪ ቢሰጥ 5,000 ዶላር ነው። ለአንድ የወረዳ ተወዳዳሪ ደግሞ 5,000 ዶላር ስልክ የሚያስመልስ ገንዘብ ነው።

በ2027 የከተማው ምክር ቤት ሰባቱም የወረዳ መቀመጫዎች ለምርጫ ይቀርባሉ። ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ ማመልከቻውን ከወዲሁ ሙሉ።