ሰልፉ ስንት ሰው ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ፊልም ተመርቆ መታየት ሲጀምር "እንዴት ነው፣ ሄደለት?" ለሚል ጠያቂ መልሱ "ኧረ ሰልፉን ብታይ!" ነው። አሜሪካ ያለው የፊልም ወዳጅ ስለ ሰልፍ አያወራም፤ እሑድ ስልኩን ከፍቶ የሳምንቱን ገቢ ያነባል፣ በቁጥሩም ይሟገታል። ቁጥር መኖሩ ያስቀናል። አነባበቡ ግን ብዙ ጊዜ ያስቃል፤ በአማርኛ የሚወጡት ዜናዎችም "ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ዛቀ" እያሉ ሳያላምጡ ይውጡታል።

እሑድ የሚወጣው አኃዝ ግምት ነው። አርብና ቅዳሜ የተሸጠው ላይ እሑድ ይሸጣል የተባለው ተደምሮበታል፤ የተጣራው ሰኞ ይመጣል። አርብ ውስጥ ደግሞ የሐሙስ ማታው ተሸጉጧል። እ.ኤ.አ. በ2019 "አቬንጀርስ፦ ኢንድጌም" አሜሪካና ካናዳ ውስጥ በ357 ሚሊዮን ዶላር ሲከፍት 60 ሚሊዮኑ የሐሙስ ማታ ነበር። የፊልሙን ጉልበት የሚያሳየው ጠቅላላ ገቢው ለመክፈቻው፣ ማለትም እስከ መጀመሪያው እሑድ ለገባው፣ ሲካፈል ነው። ኢንድጌም 858 ሚሊዮን ላይ ቆመ፤ 2.4 እጥፍ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው "ታይታኒክ" በ28.6 ሚሊዮን ጀምሮ በዚያው ዙር 600 ሚሊዮን ደረሰ፤ 21 እጥፍ። የመጀመሪያውን አድናቂ ተጋፍቶ ከፈተው፣ ሁለተኛውን ያየው ላላየው እየነገረ ወራት አቆየው።

የባሰው ስህተት ገቢን ከትርፍ ማምታታት ነው። 200 ሚሊዮን የወጣበት ፊልም በዓለም 400 ሚሊዮን ቢያስገባ "እጥፍ አተረፈ" ይባላል። እስቲ ይሰላ፦ ከአሜሪካ 200፣ ከቻይና 50፣ ከሌላው ዓለም 150 ገባ እንበል። ሲኒማ ቤቶቹ ድርሻቸውን አንስተው ለስቱዲዮው ከአሜሪካው ግማሽ ያህል፣ ከሌላው ዓለም 40 በመቶ ገደማ፣ ከቻይናው 25 በመቶ ቢደርሰው 100፣ 60 እና 12.5 ነው፤ ድምሩ 172.5። የማምረቻው ወጪ እንኳ አልተመለሰም፣ የማስታወቂያው ገና አልተነሳም። "የወጪውን ሁለት ተኩል እጥፍ ካላስገባ" የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። እሱም የዓይን ግምት ነው፤ ገቢው ቻይና ላይ ያመዘነ ፊልም በዚያም አይድንም።

አገር ቤት ይህ ሁሉ ሙግት የለም፤ ፕሮዲዩሰሩና ሲኒማ ቤቱ የተካፈሉት እዚያው በሁለቱ መካከል ይቀራል፣ በየሳምንቱ ለሕዝብ የሚወጣ ቁጥር የለም። ሰልፍ ደግሞ ይዋሻል። ባለ 300 ወንበር አዳራሽ በር ላይ 400 ሰው ሲቆም ከተማው የተነቀለ ይመስላል፤ ባለ 1,000 ወንበሩ ውስጥ 500 ሰው ገብቶ ግን "ባዶ ነው" ይባላል። አንድ መስኮትና አንድ ሻጭ ብቻ ካለ 50 ሰውም ይሰለፋል።

መቅዳት ከተፈለገ ግን ከሆሊውድ ሳይሆን ከፓሪስና ከሴኡል ነው። ፈረንሳዮች የፊልምን ስኬት የሚናገሩት በተሸጠ ቲኬት ብዛት ነው፤ ለኮሪያውያንም ትልቁ ማዕረግ 10 ሚሊዮን ተመልካች ነው። ለኛ ይህ ይበልጥ ይበጃል። የምንዛሪው ገበያ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተለቀቀ ወዲህ የአምናውን ብር ከዘንድሮው ጋር ማወዳደር ከንቱ ነው፤ የቲኬት ዋጋ በጨመረ ቁጥር አዲስ ክብረ ወሰን ይሰበራል፣ ወንበሩ ግን ያው ነው። ሥራውም ከባድ አይደለም። ቲኬቱ ተከታታይ ቁጥር ይኑረው፤ ከእያንዳንዱ ዙር በፊትና በኋላ ቁጥሩ ተመዝግቦ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት፤ በነጻ የገባ እንግዳ ለብቻው ይጻፍ። የምረቃው ዕለት ተጋባዥ ከከፋዩ ጋር ከተደመረ ሒሳቡ ያኔውኑ ተበላሸ።

አሁን ፊልሞቻችን ከሲኒማ ወርደው ዩቲዩብ ላይ ሲጫኑ ቢያንስ አንድ የሚታይ ቁጥር ተገኝቷል፤ አድናቂውም በእሱ መፎካከር ጀምሯል። ግን እይታ ቲኬት አይደለም። ሪያድ ውስጥ በአንድ ስልክ አምስት ሰው ተሰብስቦ ቢያይ አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ከሥራ መልስ እየቆራረጠ በሦስት ማታ ቢጨርሰው ደግሞ ሦስት።