ተነስቼ ላጥፋው እንዴ?

ትናንት ማታ አራት ኪሎ መብራት ሄዶ ከሃያ ደቂቃ በኋላ መጣ። ለጎረቤቶቼ ነገሩ በዚሁ አለቀ። እኔ ግን ከአንገቴ በታች የሚታዘዘኝ የቀኝ አውራ ጣቴ ብቻ ነው። በስልኬ በኢንተርኔት የማዘው ስማርት አምፖል ሳልጠራው ቦግ አለ፣ ኢንተርኔቱ ግን አልተመለሰም። ስልኬ «መሣሪያው ከመስመር ውጪ ነው» ይለኛል። አናቴ ላይ ሆኖ ዓይኔን እየጠበሰኝ እኮ ነው! ለካ ትዕዛዜ ሦስት ሜትር ላይ ላለ አምፖል ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ደርሶ ነው የሚመለሰው።

ጠዋት ለሸጠልኝ ልጅ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ከግድግዳው ያጥፉትና መልሰው ያብሩት» አለኝ። አይ ልጄ! ተነስቼ ማጥፋት ብችል ያንተን አምፖል ምን አስገዛኝ?

ለሌላው የቅንጦት ዕቃ ነው፣ ሲበላሽ ይሳቅበታል። ለእኔ እጄ ነው። ያለ ኢንተርኔት፣ እዚያው ቤት ውስጥ ባለ ሃብ በሚሉት መቆጣጠሪያ ሳጥን የሚታዘዝ ዚግቢ የሚባል ዓይነት አምፖል አለ፤ ለራውተሩና ለሃቡም መጠባበቂያ ባትሪ ይገኛል። ይህን ሲሸጥልኝ ማን አፉን ያዘው? አምፖሉ አማርኛ አለመስማቱንስ ትቼለታለሁ፣ «አጥፋ» ለማለት «ተርን ኦፍ» ማለት ለምጃለሁ። ለቤቴ በር ያመጣልኝን፣ እንደ አምፖሉ በስልክ የሚታዘዝ ስማርት ቁልፍ ግን ሳይፈታ መልሰህ ውሰድ ብዬዋለሁ።