ገታና ጀማ ንጉሥ የሚሄድ እንግዳ ዘያሪ ይሁን

ደሴ አንድ ሌሊት አድሮ ማለዳ ወደ ላሊበላ የሚነሣ እንግዳ «እዚህ አካባቢ ምን የሚታይ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ አይጠየፍ አዳራሽ፣ መርሆ ግቢና ሙዚየሙ ይጠቆሙለታል። ደግ ነው፤ ሁሉም የንጉሥ ሚካኤልን ከተማ ያሳያሉ። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻን ሲያልፍ ቃሉ ወረዳ ውስጥ ገታ እንዳለ፣ አልብኮ ወረዳ ላይ ደግሞ ጀማ ንጉሥ እንዳለ፣ ሁለቱም የቆዩ የእስልምና መማሪያና የዱዓ ቦታዎች እንደሆኑ የሚነግረው ሰው ግን ብዙ አይገኝም። የሚነግረው ሲገኝም «ጥንታዊ መስጊድ ነው፣ ፎቶ ያምርበታል» ብሎ ይልከዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ አላላክ ነው፤ እንግዳውን ዘያሪ፣ ማለትም ቦታውን በሥርዓቱ የሚጎበኝ ሰው፣ አያደርገውም።

ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጡ ወዳጆቼን ይዤ ገታ ሄጄ ነበር። አንደኛው ጫማውን በቅጡ ሳያወልቅ ካሜራውን አወጣ። ሐድራው ላይ፣ ቡና እየተጠጣ ዱዓ በሚደረግበት ስብሰባ፣ ከተቀመጡት እናቶች አንዷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጀበናው ከሰል ላይ ነው፤ ዱዓ እየተደረገ ሁሉም «አሚን» ይላል። ኻዲሙ፣ የቦታው አገልጋይ፣ አልተቆጡም። «አንተ ልጅ፣ ተቀመጥ እንጂ፤ አቦሉ ሳይቀዳ ምኑን ታነሣለህ?» አሉት። ልጁ አፍሮ ተቀመጠ።

አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ። በረካው ላይ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ በጨርቅ የተጠቀለለ ኪታብ ይዘው መጡና ገለጥ አድርገው ያነቡልን ጀመር። ፊደሉ ዐረብኛ ነው። ጆሯችን የሚሰማው ግን አማርኛ ነው፤ ያውም የወሎ አማርኛ፣ ቤት የሚመታ፣ ነቢዩን የሚያወድስ መንዙማ። ያ ካሜራ ያወጣው ልጅ አንገቱን አስግጎ ገጹን ሲያይ፣ መልሶ ደግሞ የሽማግሌውን አፍ ሲያይ ነበር። በገዛ ቋንቋው የተጻፈ መሆኑ ገብቶት፣ ማንበብ ግን አልቻለም።

አጀሚ የሚባለው ይህ ነው። የወሎ ሸሆች በዐረብኛ ፊደል አማርኛ እየጻፉ ሃይማኖት አስተምረዋል፣ ተማጽነዋል፣ ብሶታቸውንም ተናግረዋል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም ክርስትና ተቀበል ባሉት ጊዜ እምቢ ብለው የተነሡት ሸህ ጠልሃ ጃዕፈርም በአጀሚ መንዙማ የጻፉ ሰው ናቸው። ቦሩ ሜዳ ከደሴ እዚህ ቅርብ ነው። ስለ ጉባኤው ትምህርት ቤት ተምረናል፤ በዚያው ዘመን በዚሁ አገር ስለተጻፈው አማርኛ ግን አልተማርንም።

እነዚህ ቦታዎች ሲመሠረቱም የመማሪያ ቦታ ሆነው ነው። ጀማ ንጉሥን ያቀኑት ሸህ ሙሐመድ ሻፊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነበሩ ዓሊም፣ የሃይማኖት ሊቅ፣ ናቸው፤ በወሎ መውሊድን በጀማዓ፣ ተሰብስቦ፣ ማክበር ከእሳቸው እንደ ጀመረ ይነገራል። ገታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሐጂ ቡሽራ ሐሪማ፣ የሚያስተምሩበት ግቢ፣ ነበር። ደረሳው፣ ማለት የሃይማኖት ተማሪው፣ ከሩቅ አገር ስንቁን ይዞ እየመጣ፣ ስንቁ ሲያልቅ የአካባቢው ገበሬ እያበላው ቀርቷል። ዛሬም ዘያሪው ከየአቅጣጫው ይመጣል። ክርስቲያኑም ይመጣል። የእኔ አያት ማርያም ቤት ስለት እያደረሱ ለገታ ዕጣን የሚልኩ ሴት ነበሩ፤ ወሎ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዚያራን አጥብቀው የሚነቅፉ ሙስሊሞች መኖራቸውን አውቃለሁ። ያ የእነሱ የሃይማኖት ጉዳይ ስለሆነ እኔ አልገባበትም።

የምለው ይህ ነው፦ ዚያራ ማለት መጎብኘት ነው። ቦታው እንግዳ መቀበያ ሥርዓት ከውጭ አያስፈልገውም፤ ለረጅም ዘመን የሠራበት የራሱ ሥርዓት አለው። እንግዳ ጫማውን የት እንደሚያወልቅ፣ ማን እንደሚቀበለው፣ ምን ይዞ እንደሚመጣ፣ የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚበላ ሁሉ የታወቀ ነው። ስለዚህ ለቱሪዝም ሲባል በር ላይ የትኬት ቤት ይሠራ፣ ዐውደ ርእይ ይደራጅ፣ ኪታቦቹ ወደ ከተማ ይሰብሰቡ የሚለው ሐሳብ አይዋጥልኝም። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ መዘረፉን አይተናል። ኪታቡ ከሚያነቡት ሽማግሌ እጅ ሲወጣ ዕቃ ብቻ ይሆናል፤ ዕቃ ደግሞ ይሰረቃል። ገጾቹን እዚያው ቦታው ላይ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ግን ይቻላል፤ ሸሆቹ ከፈቀዱ ዛሬውኑ ቢጀመር ደስ ይለኛል።

ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው 82 መስጊዶቹንና 102 የአውልያ መቃብሮቹን በግንቡ ውስጥ ይዞ ነው። የወሎው በየተራራው የተበተነ ስለሆነ መንገድ ይፈልጋል። መንግሥት ሊሠራ የሚገባው እሱን ነው። አስጎብኚም ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም፤ እዚያው ያደጉ ደረሳዎች ቢሠለጥኑ ይበቃል። ባለሀብቱም በቅንነት «ላሳምረው» ብሎ የቆየውን ምሰሶ አስነቅሎ ሴራሚክ ከማስነጠፉ በፊት የጥንት ቤት ጥገና የሚያውቅ ሰው ያማክር። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ጣሪያው ይጠገን፤ ምሰሶው ምን አደረገ?

እስከዚያው ወደ ገታ የሚሄድ ሰው ኮምቦልቻ ገበያ ገብቶ ቡናና ዕጣን ይግዛ። ሴቶች ሻሽ ይያዙ። መስጊዱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይጠይቅ፣ የያዘውን ለኻዲሙ ያስረክብ፣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ይቀመጥ። ምን ጉዳይ እንዳመጣው ይጠይቁታል። «ለማየት ብቻ ነው» ብሎ ቢመልስም ማንም አይከፋበትም፤ እጃቸውን ዘርግተው ለእሱም ዱዓ ያደርጉለታል።