«ሥራ አልነበራቸውም» ስለተባሉት እናት
በዘጠና ዓመታቸው ስላረፉት እናት ልጃቸው የጻፉትን መታሰቢያ ሳነብ የራሴ እናት ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ። «ከቤት ውጭ ሥራ ስላልነበራቸው ሥራ አልነበራቸውም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ግን ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል፤ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ አብሲት መጣል፣ ምጣድ ማሰስ፣ ጌሾ መውቀጥና ከቀትር በኋላ እንዝርት ይዞ ለልጆች ጋቢ የሚሆን ጥጥ መፍተል ሥራ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

እናቴ ሰባት ልጆች ያሳደገችው በዚሁ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ታናሽ እኅቴን አዝላ ቀበሌ እየተመላለሰች ፊደል ቆጠረች፤ ከዚያ ወዲህ የዕድር ደብተሯን ለማንም አስነብባ አታውቅም (እኔም ለማየት ፈቃድ እጠይቅ ነበር)። በእርሷም ቤት በረካው ሳይጠጣ የሚወጣ እንግዳ አልነበረም። ለጸሐፊው መጽናናትን እመኛለሁ፤ የእናታቸውን ነፍስ ይማር።